ከአንገቱ የወረደችው ቀጭን ክር

አስናቀ ሞቶ የተገኘ ቀን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ጊታሩን የነካሁት እኔ መሆኔን ሊያውቁብኝ ነው» የሚል ነበር። ሰው ሞቶ እኮ ነው። አዳራሹ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ፣ ያ ቀይ የጃፓን ጊታር እቅፉ ውስጥ ሆኖ፣ ገመዱ አምፕሊፋየሩ ላይ እንደተሰካ፣ ሰዉ እየተንጫጫ፣ እኔ በሰው ትከሻ መሐል ተንጠራርቼ ያየሁት ጊታሩን ነው። ጊታሩ ደግሞ ደህና ነበር። ቀጥ ያለ። ግራ የገባኝ ያኔ ነው፤ ከሦስት ሰዓታት በፊት እኔ ራሴ ጥዬው ሲጣመም በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። እኔ ሳወራ ነገር ይዘበራረቅብኛል፤ እማዬም «ምላስሽ ካንቺ ቀድሞ ይሮጣል» ትለኛለች።

ቀኑ ጳጉሜ ሦስት 1977 ነው። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ለአብዮት በዓል ይለማመዳል። እኔ ከኋላ ቆመው «ላላላ» ከሚሉት ልጆች አንዷ ነኝ፤ ስሜ እናትዓለም፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ። ሰገነት ትዘፍናለች። ጊታር የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፤ አንዱ አስናቀ፣ አንዱ ሣህሉ። ሁለቱ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፣ አንድ ብስክሌት በየተራ ይነዳሉ፣ አንድ ጊታር በየተራ ይቃኛሉ። አስናቀን የማትወድ ሴት በቡድኑ ውስጥ አለች ብትሉኝ አላምንም። እኔማ እሱ ጊታሩን ሲያነግት ትንፋሼ ይጠፋብኝ ነበር፤ ምን ላድርግ።

ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በሐይቁ በኩል ባለው መስኮት አዳራሹ ውስጥ ገባሁ። ያ መስኮት መቀርቀሪያው ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። ጊታሩን አነገትሁት። በመስታወቱ ፊት እየተውረገረግሁ እንደ አስናቀ አንገቴን ዘመም አደረግሁ። ማንገቻው ሾለከና ጊታሩ በራሱ በኩል ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አልተሰበረም። ግን ያ ጊታር አንገቱ በሙጫ የተጣበቀ አይደለም፤ ከጀርባው በአራት ብሎን የታሰረ ነው። አንገቱ ወደ ጎን ሸሸ። እኩል ተራርቀው ይወርዱ የነበሩት ስድስት ክሮች ወደ አንድ በኩል አዘመሙ። ቀጭኗ ክር ጭራሽ ከአንገቱ ጠርዝ ወርዳ አየር ላይ ቀረች። በጣቴ ስጫናት የምታርፍበት የላትም። ወንበሩ ላይ አስቀመጥሁትና በመጣሁበት መስኮት ሸሸሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።

አሥር ሰዓት ላይ ጓድ አምባቸው፣ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ፣ አዳራሹን ከፍተው ሲገቡ አስናቀ ሞቷል።

«ኤሌክትሪክ ነው የያዘው» አሉ። «የዚህን አምፕሊፋየር ስፒና የነካ ማን ነው?»

«ጠዋት እኔ ቀይሬዋለሁ» አለ አባቴ።

አባቴ አዘዘ የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ለቀበሌው በነፃ ነው የሚሠራ። እንዲያ ብሎ እንደ ጨረሰ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ግራና ቀኙን ቆሙ።

«በዓሉ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው የአብዮቱን ሙዚቀኛ መግደል» አሉ ጓድ አምባቸው ቀስ ብለው፣ «ይኸ ስህተት አይባልም። አሻጥር ነው። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ከነፋይሉ ወደ ክፍለ ሀገር ይላካል።»

በአሻጥር ተልኮ የተመለሰ ሰው በሰፈራችን የለም። እኔም ይኸን እያወቅሁ ዝም አልሁ። አፌ ተከፍቶ ነበር፣ በእውነት፤ ግን ምን ልል ነው? ጊታር ጣልሁ? ሰው በኤሌክትሪክ ሞተ ሲባል የተጣመመ አንገት ለማን ይጠቅማል? እንዲያ እያልሁ ራሴን አታለልሁ።

ከፖሊስ የመጡት ሃምሳ አለቃ የብርጓል ናቸው። አጭር ሴት፣ መነጽራቸው በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ የታሰረ፣ ቆባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ነው የሚሄዱ። አባታቸው ከደሴት ገዳማት በአንዱ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው ይባላል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ጉዳዩ ፖለቲካዊ ነው፤ አይድከሙ» አሏቸው ጓድ አምባቸው።

«ይሁን ጓድ። ሬሳው ግን የፖሊስ ነው» አሉና ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኙ። ከነደንብ ልብሳቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጊታሩ ታች ወደ ላይ በክሮቹ ላይ አነጣጠሩ፤ ቀጥሎ በአውራ ጣታቸው ስድስቱንም ዳበሷቸው። «ሙሉ ቅኝት ነው። እኔ በገና ሲቃኝ እያየሁ ነው ያደግሁ፤ የቸኮለ ሰው እንዲህ አይቃኝም።» ጊታሩን ገለበጡት። አንገቱና ገላው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀጭን የእርሳስ መስመር ነበረች፤ ከአንገቱ ጠርዝ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ርቃለች። በጣታቸው ነካ ቢያደርጓት ዱቄቷ ጣታቸው ላይ ቀረ። የአስናቀን ኪስ ፈተሹ። አጭር እርሳስ፣ መሐረብ፣ የቀበሌ መታወቂያ። ሌላ ነገር እንደሚፈልጉ ሁሉ ደጋግመው ፈተሹና ምንም ሳይሉ ተነሡ።

ሐኪሙ ማምሻውን የጻፈው ወረቀት አባቴን አላዳነውም። «የጭንቅላቱ ኋላ ተሰብሯል። ኤሌክትሪክ ለመሆኑ ምልክት አላገኘሁም፤ አይደለም ለማለትም አልችልም።» ጓድ አምባቸው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ አነበቡ። ኤሌክትሪክ ያዘው፣ ወደቀ፣ የመድረኩ ብረት ጠርዝ መታው፤ አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሃምሳ አለቃ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዳራሹ ውስጥ ጠየቁ። እኔ ከመድረኩ መጋረጃ ኋላ ተደብቄ ነበር። እግሬ ለምን እንደወሰደኝ አላውቅም። ደግሞ አውቃለሁ፤ ስሜ ይነሣ እንደሁ ለመስማት ነው።

መጀመሪያ የገቡ ዘበኛው አባባ አካሉ ናቸው።

«አስናቀ ስንት ሰዓት ገባ?»

«ዘጠኝ ሰዓት። ቁልፉን እኔው ነኝ የሰጠሁት።»

«ምን ይዞ ነበር?»

«ምንም። ኧረ ካቻቢቴዋን ይዞ ነበር፤ በሷ ጆሮውን እያከከ። ‹አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን አንጎልህን ትበሳዋለህ› አልሁት። ሳቀ። ሲስቅ ነው መጨረሻ ያየሁት።»

«ምን ትመስላለች ካቻቢቴዋ?»

«እጀታዋ በቀይ የብስክሌት ካላማዳሪ ጎማ የተጠቀለለ። ቡድኑ ያለችው እሷው ብቻ ናት።»

«ከእሱ በኋላ ማን ገባ?»

«በኔ በር ማንም። እስከ አሥር ሰዓት።»

«ጊታር ሰሙ?»

«የምን ጊታር፤ ራዲዮዬ ማርሽ እያሰማ። በማርሽ ላይ ምን ይሰማል እመቤቴ።»

ሰገነት ዓይኗ አብጦ ገባች። ያን ዕለት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሁላቸውም ከአዳራሹ ጎን ያለው ልብስ ሰፊ ቤት አዲሱን ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለልክ ሲለብሱ እንደነበር ተናገረች። አስናቀ ዘጠኝ ሊሆን ሲል ወጣ። ሣህሉ አዲሱን ኮት እንደለበሰ ጥቂት ቆይቶ ተከተለ፤ ብስክሌት ላጥብ ብሎ። እሷ እዚያው ቀረች።

«ከአስናቀ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«መራዊ ላይ እናቱ ሚስት አጭታለታለች የሚባል ወሬ ሰምቼ ሦስት ቀን አኮረፍሁት። ውሸት ሆኖ ተገኘ። እንዲህ መሆኑን ባውቅ ሦስት ቀን አላባክንም ነበር።»

«የሚጠላው ሰው ነበር?»

በሩን ዘወር ብላ አየች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የሚጠላው የለም። ግን ቡድኑ አንድ ጊታር ተጫዋች ብቻ እንዲይዝ ትእዛዝ መጥቷል። ዛሬ የአውራጃ ኮሚቴ ሁለቱን ሊሰማ ነበር። ያሸነፈው ይቀራል፤ የተሸነፈው ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ይተላለፋል። ዝርዝሩ ጓድ አምባቸው ጋ ነው።»

«ማን ያሸንፍ ነበር?»

«ይኸማ ምን ጥያቄ አለው» አለች።

ሣህሉ ሲገባ አሳዘነኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። አብሮ አደጉ የሞተበት ሰው ምን ይምሰል።

«ከአዳራሹ ኋላ፣ ሐይቁ ዳር ብስክሌት እያጠብሁ ነበር» አለ። «ሲጫወት እሰማዋለሁ። ከገባባት ደቂቃ ጀምሮ። ቀጭኗን ክር ሲያስለቅሳት፣ ላይ ላዩን ሲወጣባት፣ አንድ ጊዜም አላቋረጠም። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ጥዝዝ የሚል ነገር ሰማሁና ጸጥ አለ። መብራት ጠፋ ብዬ ነበር።»

«ይኸን የእርሳስ መስመር ታውቀዋለህ?»

«ቆይቷል። አንገቱ ሲጣመም እናሠምርበታለን፣ ምን ያህል እንደተመለሰ ለማየት።»

«እስቲ ለማላውቀው አስረዳኝ። እንዴት ነው የሚቃና?»

ሣህሉ ስለ ጊታር ሲጠየቅ ፊቱ ላይ ትንሽ ደም ተመለሰ። «መጀመሪያ ማየት ነው። ከታች ሆኖ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ። ዳርና ዳር ያሉት ሁለት ክሮች ከአንገቱ ጠርዝ እኩል መራቅ አለባቸው። እኩል ካልሆኑ ክሩን ማላላት፣ ማሠመር፣ አራቱን ብሎን በትንሹ ፈታ ማድረግ። ጨርሶ መንቀል አይደለም። ከዚያ አንገቱን በእጅ ገፋ አድርጎ ማየት፣ ደግሞ ገፋ ማድረግ። ሲስተካከል ብሎኑን ማጥበቅ፣ እንደገና መቃኘት። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።»

«ገመዱ እንደተሰካ ነው የሚሠራው?»

«ኧረ ምን ሲደረግ። ተነቅሎ ነው እንጂ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉት። እሱ ሲወጣ ሃምሳ አለቃ ሳይዞሩ፣ ማስታወሻቸው ላይ እየጻፉ «ከመጋረጃው ኋላ ያለሽው ልጅ፣ ሣህሉ ‹ቀጭኗን ክር› ሲል ትንፋሽሽ ተቋረጠ። ምነው?» አሉ።

ሮጥሁ። በመስኮቱ ዘልዬ፣ ጉልበቴ ተልጦ፣ ቤቴ ድረስ ሮጥሁ።

እማዬ ሣህን በጨርቅ ቋጥራ ትጠብቀኝ ነበር። «ለአባትሽ ምሳ አድርሺ። እኔን ካየ ያለቅሳል።»

በቀበሌው ማቆያ ቤት በር ላይ ያለው ጥበቃ አምስት ደቂቃ ሰጠኝ። አባቴ ምግቡን አልነካም። በእጁ ስፒና ያለ ይመስል ጣቶቹን እያጠማዘዘ ነበር።

«እናትዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር» አለኝ። «ሦስተኛዋን ሽቦ፣ የመሬቷን፣ አጥብቄያታለሁ። አጥብቄያታለሁ እላለሁ። ደግሞ ትንሽ ቆይቼ፣ ያኔ ሰው ጠርቶኝ ነበር እላለሁ፤ ምናልባት ሳላጠብቃት ዞሬ ይሆናል። የሰው ልጅ ገድዬ ይሆናል እኮ።»

«አባዬ፣ አልገደልህም።»

«በምን ታውቂያለሽ? ወረቀት አምጥተዋል። ልፈርምላቸው ነው። ጥፋቴ ከሆነ ልቀበል።»

አባቴ በሕይወቱ አንድ ሽቦ አላልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ያላጠፋውን ጥፋት ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ አደረ፤ እኔ ያጠፋሁትን አውቄ ተኝቼ አደርሁ። እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ይኸንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«አባዬ፣ አትፈርም። እስክመለስ ብቻ» አልሁትና ወደ አዳራሹ ሮጥሁ።

ሃምሳ አለቃ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋድመውታል። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሰባት ሰዓት፣ መስኮቱ፣ መስታወቱ፣ ማንገቻው፣ ክሯ። እየተንተባተብሁ፣ ንፍጤን በእጅጌዬ እየጠረግሁ። ይቆጡኛል ስል መሐረባቸውን ሰጡኝ።

«ሰባት ሰዓት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ ደንግጬ ዘለልሁ፤ ማንገቻው የሾለከው ያኔ ነው።»

«ክሯ ከጠርዙ ወርዳለች ያልሽው እርግጠኛ ነሽ? ተጠግታ ሳይሆን፣ ወርዳ?»

«ስጫናት አንገቱን ስታው ወደ ታች ነው የገባችው።»

«ነይ አሳዪኝ» አሉና ብሎኖቹን በተዋሱት ካቻቢቴ ፈታ ፈታ አደረጉ። እኔ አንገቱን ገፋሁት፤ ትንሽ ተጨማሪ፤ ትንሽ ተጨማሪ፤ ያቺ ክር ልክ እንደዚያን ጊዜ ከጠርዙ እስክትወርድ። ብሎኖቹን መልሰው አጠበቋቸው። ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሰኩትና ሰዓታቸውን አዩ። ሰባት ሰዓት ከሩብ።

«ሂጂና ሁሉንም ጥሪ። የአውራጃው ኮሚቴ ስለሚመጣ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ይምጡ በያቸው።»

ሰባት ተኩል ላይ ሁሉም ተሰበሰበ። ጓድ አምባቸው ፋይሉን ይዘው የፊት ወንበር ላይ። አባባ አካሉ በሩ ጋ። ሰገነትና ሣህሉ በሰማያዊው ልብስ። አባቴ በሁለቱ የጥበቃ ልጆች መሐል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ።

«ሣህሉ» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ «ኮሚቴው ሳይደርስ አንድ ጊዜ ተጫወትልን። ጊታሩ ያውልህ።»

ሣህሉ እያመነታ አነሣው። ክሮቹን አንድ ጊዜ ብቻ ዳበሳቸውና ቅንድቡ ተቋጠረ። ጊታሩን አገጩ ሥር አምጥቶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ተጣሟል። ቀጭኗ ክር ወርዳለች።»

«መጫወት አይቻልም?»

«በዚህች ክር ምንም አይቻልም።»

«ታቃናዋለህ?»

«እሞክራለሁ።» ተቀመጠ። ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቀለ። መቃኛዎቹን እየጠመዘዘ ክሮቹን አላላ። ጊታሩን ጭኑ ላይ በሆዱ አስተኛው፤ ቀኝ እጁን፣ ዓይኑ ብሎኖቹ ላይ እንዳለ፣ ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደ። ያወጣው እጀታው በቀይ ካላማዳሪ የተጠቀለለ ካቻቢቴ ነበር። የመጀመሪያውን ብሎን ነካው። ከዚያ ቆመ። የያዘውን እሱም ያየው ያኔ ነው።

«ያቺ ናት» አሉ አባባ አካሉ ከበሩ ጋ። «ጆሮውን ሲያክባት የነበረች።»

ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አደረጉ። «ጓድ አምባቸው፣ ቀስ ብዬ ልናገር፤ የተሳሳትሁት ካለ ያርሙኝ። ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ ይህች ልጅ ጊታሩን ጥላ አጣማዋለች። ልክ አሁን ባያችሁት ዓይነት። ራሷ ነግራኛለች፤ ማንም አላስገደዳትም።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልሁ።

«አስናቀ ዘጠኝ ሰዓት ሲገባ ያገኘው የተጣመመ ጊታር ነው። በማግስቱ ፈተና አለበት። ሊያቃናው ተቀመጠ። ሣህሉ እንዳስተማረኝ ደግሞ ይኸ ሥራ ገመድ ተነቅሎ፣ ክር ላልቶ፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የእርሳሱ መስመር ዱቄት ገና በጣት ይያዝ ነበር፤ የዚያው ዕለት መስመር ነው። እንግዲህ ሣህሉ፣ አስናቀ ከገባባት ደቂቃ ጀምሮ ቀጭኗን ክር ሲያስለቅሳት ሰማሁ ብሎኛል። ያን ጊዜ ያች ክር አየር ላይ ነበረች። ያልተጫወተውን ጨዋታ የሰማ ሰው ለምን ሰማሁ ይላል? እየተጫወተ ነው የሞተው እንድንል። እየተጫወተ ከሆነ ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ አቶ አዘዘ ነው።»

«ካቻቢቴውን ከመሬት አንሥቶት ቢሆንስ?» አሉ ጓድ አምባቸው፤ ግን ድምፃቸው እንደ ትናንቱ አልነበረም።

«መቼ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአስናቀ እጅ ታይቷል። አሥር ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ሲገባ ከሬሳው ጋር የለም፤ እርሳሱ አለ፣ ካቻቢቴው የለም። ያለ ካቻቢቴ ብሎን አይጠብቅም። ስለዚህ ብሎኑን የጨረሰው እጅ ካቻቢቴውን ይዞ ወጥቷል፤ በበሩም አይደለም። ሐይቁ ዳር በሚያወጣው መስኮት በኩል የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያን ዕለት የለበሰው ይኸንን ኮት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልለበሰውም።» ወደ ሣህሉ ዞሩ። ድምፃቸው ለዘበ። «ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ቢሆን ክሩ የላላ ጊታር እቅፉ ላይ ጥሎ ይሸሽ ነበር። አንተ ግን አቃናኸው። ብሎኑን አጠበቅህ፣ ሙሉ ቅኝት ቃኘኸው፣ ገመዱንም መልሰህ ሰካህ። ሬሳ አጠገብህ ተኝቶ። ለምን?»

ሣህሉ ካቻቢቴውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ክሩ ሳይቃኝ ተጫወተ ቢባል ማን ያምናል አልሁ» አለ። «ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። አስናቀ ያልጨረሰው ሥራ ነው። እንዲያ ተጣሞ ልተወው አልቻልሁም።»

«አስናቀን ምን አደረግኸው?»

«ልለምነው ነው በመስኮቱ የገባሁት። ‹ወንድሜ፣ ነገ ትንሽ ተሳሳትልኝ፤ እኔ ከሄድሁ አልመለስም› ልለው። ስገባ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ብሎን ያጠብቃል። ቀና ብሎ አየኝ። ‹አንተ ነህ የጣልኸው?› አለኝ። ‹የምን መጣል?› አልሁት። ‹ፈተና እንድወድቅ ነው ያጣመምኸው› አለኝ። በእናቴ ማልሁለት። አላመነኝም። ከአንድ ሣህን ስንበላ ኖረን አላመነኝም። ‹ለኮሚቴው እነግራለሁ፣ ከእንግዲህ አላውቅህም› ብሎ ተነሣ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት። የመድረኩ ብረት አገኘው።»

«አቶ አዘዘ ሲታሰሩስ?»

«ይለቋቸዋል አልሁ። የውትድርናው ዙር ሲያልፍ እናገራለሁ አልሁ።»

ሣህሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ግድግዳው ሥር ያለሁትን እኔን ፈለገኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ። «የጣልሽው አንቺ ነሽ?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። እሱም ነቀነቀ፤ ለረጅም ጊዜ የፈለገው ሒሳብ መልሱ እንደተነገረው ሰው። ሃምሳ አለቃ ክንዱን ይዘው ሲያወጡት ሰገነት ፊቷን በሰማያዊው እጅጌዋ ሸፈነች።

ጓድ አምባቸው ፋይሉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «ጓድ አዘዘ፣ መሄድ ይችላሉ» አሉ። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረውም። አባቴም አልጠበቀም። በሐይቁ ዳር እጄን ይዞ ወሰደኝ፤ እንደ ሕፃን ልጅ። ይመታኛል፣ ይጮህብኛል፣ ደግሞ አመሰግናለሁ ይለኛል እያልሁ ጠበቅሁ። ሦስቱንም አላደረገም። ቤት ልንደርስ ስንል «ለአስናቀ እናት ማን ይነግራታል?» ብቻ አለ።

ለአርባው መራዊ ሄድን። በአውቶቡሱ ውስጥ የምናገረውን ቃል ለቃል አጥንቼ ነበር። የአስናቀ እናት እማማ ባንቺአየሁ ለቀስተኛው ሲቀንስ ጓሮ ብቻቸውን አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ሸሚዞች ያጥፋሉ። አጠገባቸው ቆምሁ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«እማማ፣ ጊታሩን የጣልሁት እኔ ነኝ። እሱና ሣህሉ የተጣሉት በኔ ነው።»

ሸሚዙን አጥፈው ጨረሱ። አንዱን እጅጌ፣ ሌላውን እጅጌ።

«ፖሊሷ ነግራኛለች» አሉ። «ስንት ሰዓት ነበር ልጄ?»

«ሰባት ሰዓት።»

«እሱ የገባው ዘጠኝ።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ሁሉ የት ነበርሽ?»

«ቤት። አልጋዬ ላይ ተሸፋፍኜ።»

«ብትነግሪው ምን ይለኛል ብለሽ ነው?»

አሰብሁ። ከልቤ አሰብሁ፤ ያን ጊዜ ሁሉ ያላሰብሁት እሱን ነበር። አስናቀ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ከኋላ ያለነውን ልጆች «እናንት ወፎች» ሲለን።

«ይስቅብኝ ነበር» አልሁ። «ከዚያ ነይ ላሳይሽ ብሎ አጠገቡ ያስቀምጠኝ ነበር። ብሎኑን እያስያዘኝ።»

«እንዲያ ነበር የሚያደርገው» አሉ።

አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እርግማን ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው። እሳቸው ግን ሸሚዞቹን ወደ ጭናቸው ሰብስበው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንዱን ሸሚዝ አንሥተውም እጄ ላይ አደረጉት።

ተቀመጥሁ። ማጠፍ ጀመርሁ።